ቤጂንግ፣ ያለ አባባ

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ዛሬ ኦፍ ነኝ። ልብስ አጠብኩ። የአባባን ኪኒን ለሳምንቱ ደለደልኩ። ከሰዓት አብረን ወደ እስያ ግሮሰሪው ሄድን። አባባ ጎመን የምትደረድረዋን ሴትዮ በቻይንኛ ሰላም አሏት። «ኮሪያዊ ነኝ» አለች እየሳቀች። ባለፈው ወርም ይህንኑ ነግራቸዋለች። አይተዉም። መኪና ውስጥ «ቢሆንም ጎረቤት ናቸው» አሉኝ።

ለጉዞው አንድ ወር ቀረን። ለሦስት ሰው ቡክ አድርገናል፤ እኔ፣ አባባ፣ የምሠራበት ክሊኒክ አብራኝ ደም የምትቀዳው ዮሐና። ስምንት ቀን ቤጂንግ። አባባ «ፔኪንግ» ነው የሚሏት። ቻይናዎቹ የወልድያን መንገድ ሲሠሩ አስተርጓሚያቸው ነበሩ። ቋንቋውን ካምፕ ውስጥ ከወጥ ሠሪያቸው ለመዱት፤ ኋላ መንገድ ሥራ ይማሩ ተብሎ ሁለት ዓመት ፔኪንግ ተላኩ። እኔና ወንድሜ መርዋን ያደግነው በዚያ ወሬ ነው። ዘጠኝ ሺህ ክፍል ያለው ግቢ፣ በረዶ ላይ በብስክሌት የሚሄዱ ሴቶች፣ ጣሪያው ቤተ መቅደስ የሚመስል መስጂድ...

አሁን ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ለጉዞው ብለው አዲስ ጫማ ገዝተዋል። ጠዋት ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ ስላይጎ ክሪክ የሚባለው ወንዝ ዳር ሲራመዱ እሱን አድርገው ነው፤ «እያለማመድኩት ነው» ይላሉ።

ሐሙስ አፖይንትመንት አላቸው። ዶክተሯን ስለ በረራው እንጠይቃታለን።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ምን አደረግኩ?

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ምናልባት ሲጻፍ ያን ያህል አይከፋ ይሆናል።

የዶክተሯ ክሊኒክ ስንደርስ በስልክ አስተርጓሚ እናቅርብላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። እንደ ሁልጊዜው «አያስፈልግም፣ እኔ አለሁ» አልኩ። ዶክተሯ ልባቸውን አዳመጠች። ቁርጭምጭሚታቸውን ጫን ጫን አድርጋ አየች። አባባ «በይ ጠይቂያት» አሉኝ። ፊታቸው የኢድ ልብስ እንደሚጠብቅ ልጅ ነበር።

ጠየቅኳት።

«ለምን አይሄዱም?» አለች። «ደህና ናቸው እኮ። ኤርፖርት ላይ ዊልቸር ይጠየቅላቸው። ፕሌን ውስጥ በየሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። የሚያጠብቅ ካልሲ ያድርጉ። ከሰዓት በኋላ ይረፉ። በቃ።»

አባባ አፍ አፌን ያያሉ።

በየሰዓቱ ተነስተው... ማን ሊያነሳቸው? ስምንት ቀን ሙሉ ዊልቸር ስገፋ ታየኝ። ሽንት ቤት ስፈልግላቸው። ኪኒን ስቆጥር። «ዙህራ፣ ውሃ። ዙህራ፣ መነጽሬን። ዙህራ፣ ቀስ በይ።» እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ስሜን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን የለም። ስምንት ቀን ብቻ... ስምንት ቀን ማንም ሳይጠራኝ።

«አይሆንም ብላለች» አልኩ። «ልብዎ ረጅም በረራ አይችልም አለች።»

አስቤ አይደለም። ወላሂ አላሰብኩም። ግን ከወጣ በኋላ አልመለስኩትም።

ዶክተሯ ፈገግ እንዳለች ናት፤ ጥሩ ዜና የነገረች ሰው ፊት። አባባም ፈገግ አሉላት። «አመሰግናለሁ በያት» አሉኝ።

አመሰግናለሁ አልኳት።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 19

ነገ እነግራቸዋለሁ። «ተሳስቼ ነው የሰማሁት» እላለሁ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 21

አልነገርኩም። ቁርስ ላይ ልጀምር ስል ቀደሙኝ።

«አንቺ ሂጂ» አሉ።

«ያለ እርስዎማ...»

«ሂጂ አልኩሽ! እኔ ካልሄድኩ አንቺም አትሂጂ የሚል አባት አለ? በዓይንሽ እዪልኝ።»

ከዚያ ወረቀት አምጥተው መልእክታቸውን ጻፉልኝ። ፔኪንግ ውስጥ የሙስሊሞች ሰፈር አለ፤ ስሙ «የበሬ መንገድ» ማለት ነው። መስጂዱ እዚያ ነው። ከመስጂዱ ጀርባ «ሽማግሌው ማ» የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ። ረመዳን ሲመጣ፣ አባባ ማንም ዘመድ በሌላቸው አገር፣ በየምሽቱ ማፍጠሪያ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ይልክላቸው ነበር። «በሕይወት አይኖርም መቼም» አሉ። «ሰፈሩን እዪልኝ። መስጂዱ ውስጥ ዱዓ አድርጊለት። ሌላ አልፈልግም።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ቲኬታቸውንም ሰረዝኩ። ከሁሉም የባሰውን ልጻፍ? ካንሰል የሚለውን ስጫን ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

አባባ መራመድ ትተዋል። አንድ ሳምንት ሆናቸው። ጠዋት ከሶላት በኋላ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሥራ ስመለስም እዚያው ናቸው። «ብርድ ነው» ይላሉ። ብርድ የለም።

አዲሱን ጫማ አጣሁት። «ለመስጂድ ሰጠሁት፤ ጠበበኝ» አሉ።

ደግሞ ስልክ አብዝተዋል። ወልድያ፣ ደሴ፣ ጅዳ... ከአስር ዓመት በፊት ተጣልተውት ለነበረው፣ እዚሁ ሀያትስቪል ለሚኖረው ለኪራኮስ እንኳ ደወሉ። ድሮ መንገድ ሥራው ላይ አብሯቸው የነበረ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ፤ «እኔ ትቼልሃለሁ፣ አንተም ተውልኝ» ይሉታል።

ናፍቀዋቸው ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

አባባን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ መርዋን ቤት አደረስኩ። ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ያለው አፓርትመንት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሚስቱ ሰጂዳ ክፍላቸውን አሳምራ ጠበቀችን። ኪኒኑን፣ የደም ግፊት መለኪያውን፣ የሐኪም ወረቀቶቹን በአንድ ፎልደር አድርጌ ለመርዋን ሰጠሁት። «እንዲህ ተደራጅተሽ!» ብሎ ሳቀብኝ።

አባባ ከመኪናው እስከ ሊፍቱ ሁለት ጊዜ ቆመው አረፉ። በሴፕቴምበር አርባ ደቂቃ ይራመዱ የነበሩ ሰውዬ።

ስሰናበታቸው ጭንቅላቴን ይዘው ዱዓ አደረጉልኝ። ረጅም። ብዙ ጊዜ እንዲህ አያስረዝሙም። «አፉ በይኝ ልጄ» አሉ መጨረሻ ላይ። እኔን! እሳቸው እኔን ይቅር በይኝ...

«ምን በድለውኝ ነው አባባ» ብዬ ሮጥኩ። መኪና ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ፓስፖርቴን መያዜን አየሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ገባን። አሥራ አራት ሰዓት በረራ። ዮሐና ከአጠገቤ ስታንኮራፋ ነበር። በየሰዓቱ ተነስቼ ተራመድኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

የንጉሦቹን ግቢ አየን። የተከለከለው ከተማ ይሉታል፤ ድሮ ተራ ሰው እንዳይገባበት የተከለከለ ስለነበር። ዛሬ የዓለም ሕዝብ ይጋፋበታል። አስጎብኚያችን ሊን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ትመራናለች።

አባባ ያወሩት ሁሉ ልክ ነው። በር ታልፊያለሽ፣ ሜዳ። ሌላ በር፣ ሌላ ሜዳ። ጣሪያው የበሰለ ማሽላ መስሎ ወርቃማ። ግድግዳው ቀይ፣ ግን የደረቀ በርበሬ ዓይነት ቀይ እንጂ የቀለም አይደለም። ንጉሡ ከሚቀመጥበት አዳራሽ ፊት ነጭ ድንጋይ ላይ ዘንዶ ተቀርጿል። አባባ «ቆሜበታለሁ፤ ያኔ ከልካይ አልነበረም» ይሉ ነበር። አሁን አጥር አለው።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። ከደረጃዎቹ ጎን ዘንበል ያለ መውጫ ተሠርቷል። ለዊልቸር። አንድ ሰውዬ እናቱን እየገፋ ወጣ። ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ እናትየዋ ዘጠና ይሆናታል፣ እግሯ ላይ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ። ላብ ያጠምቀዋል። ሜዳው መሃል ሲደርሱ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት፤ ሳቀች። ጥርስ የላትም።

አንዲት እናት ናት አልኩ። ዞር ስል ሌላ አባት። ሌላ አያት። ግቢው ሙሉ ነው እኮ! ከእኔ በስተቀር ሁሉም ሽማግሌ ይዞ የመጣ መሰለኝ።

ለአባባ ፎቶ መላክ ነበረብኝ። ደረጃዎቹን አነሳሁ። ከታች ወደ ላይ፣ በጣም ረጅም እንዲመስሉ አድርጌ። ዘንበል ያለው መውጫ እንዳይገባ ወደ ግራ ፈቀቅ አልኩ። «አባባ፣ ደረጃው አያልቅም! ይደክሙ ነበር» ብዬ በመርዋን ስልክ ላክኩላቸው።

በምላሴ አንዴ ዋሸሁ። አሁን በካሜራም ጀመርኩ?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

የበጋ ቤተ መንግሥት። ሐይቅ ዳር የተሠራ። ጣሪያ ያለው ረጅም መተላለፊያ አለ፤ ምሰሶውና አግዳሚው በሙሉ በሥዕል ተሞልቷል፤ ወፍ፣ ተራራ፣ ጦርነት፣ የሚያለቅሱ ሴቶች። ሊን «አንድ ሥዕል እንኳ አይደገምም» አለች። ዳሩ ዳሩን አግዳሚ ወንበር ነው። ሽማግሌዎች ተደርድረው ካርታ ይጫወታሉ፣ ያዛጋሉ። አባባ ቢሆኑ ከሁለት ተጫዋቾች መሃል ገብተው ነበር ቁጭ የሚሉት። በአምስት ደቂቃ የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ያውቃሉ።

ደረጃ አጣሁ። ሁሉም ሜዳ ነው። ዛሬ ፎቶ አልላክኩም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

አሮጌዎቹን ሰፈሮች ዞርን። ሁቶንግ ይሏቸዋል፤ ግራጫ ግንብ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቅያስ፣ ከበሩ በላይ ቀይ ፋኖስ። አንዱ ደጅ ላይ ወፍ በቀፎ ሰቅለዋል። ሌላው ደጅ ላይ አሮጊት ጎመን ታሰጣለች። ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ላይ ተሳፈርን፤ ነጂው ኩርባ ላይ ሲያጣምም ዮሐና ጮኸች፣ እኔ ከሳቄ ብዛት እንባዬ መጣ። እንዲህ የሳቅኩት መቼ ነው? ከረሜላ የተቀባ ፍራፍሬ በእንጨት በላን። ስካርፍ ገዛሁ። ደስ አለኝ።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አባባን አላስታወስኳቸውም። እሱን ፈልጌ አልነበር የመጣሁት? ታዲያ ሲሆን ለምን ከፋኝ?

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

መጻፍ አልፈለግኩም። ቢሆንም ልጻፍ።

ጠዋት ሊንን ለምኜ ዮሐናን ጨምረን ወደ በሬ መንገድ ሄድን። የአባባን ወረቀት አሳየኋት፤ በቻይንኛ ጽፈውበት ስለነበር ጮክ ብላ አነበበችው። «የድሮ ሰው አጻጻፍ ነው» አለች።

ሰፈሩ የለም። ረጃጅም ፎቅ ብቻ። ከመስጂዱ ጀርባ የዳቦ ቤት ሳይሆን የመኪና ማቆሚያ ነው ያለው። መስጂዱ ግን አለ። እውነትም ጣሪያው ቤተ መቅደስ ነው፤ ውስጡ ቀይ ምሰሶ ላይ በወርቅ የተጻፈ ቁርኣን። ሴቶቹ በሚሰግዱበት በኩል ገብቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ለሽማግሌው ማ ዱዓ አደረግኩ። ለአባባ ላደርግ ስል ቃል አጣሁ። አላህ ፊት ምን ልበል? «እንዲያዩት አድርግልኝ» ነው የምለው? እንዳያዩ ያደረግኩት እኔ...

ደጁ ላይ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰውዬ በፀሐይ ተቀምጧል፤ ሃምሳ ምናምን ይሆነዋል። ሊንን «ድሮ እዚህ ይመጣ የነበረ አፍሪካዊ ተማሪ ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አልኳት። ሰውዬው ብዙ አወራ። ሊን ፊቷ ቀላ።

«የማይመች ነገርም ተናግሯል» አለችኝ። «ግን ያለውን ሁሉ ማለት አለብኝ። ልጅ ሆኖ ዓርብ ዓርብ የሚመጡ ጥቁር ሰዎች ነበሩ አለ። ከጓደኞቹ ጋር እየተከተለ ይሰድባቸው፣ ጸጉራቸውን እየነካ ይሮጥ ነበር። አንደኛው ረጅሙ ዞሮ በቻይንኛ 'ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ አያልቅም' ብሏቸዋል። ያን ቀን አፍሮ ወደ ቤቱ ገባ። እስከ ዛሬ ያፍራል። አባትሽ ከሆኑ ይቅርታ በይልኝ ይላል።»

አባባ ናቸው። እንደዚህ የሚመልስ ሌላ ሰው አላውቅም።

ልጅቷ ስድቡን እንኳ አላስቀረችም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው።

ስልኬ ጮኸ። መርዋን ነው። እዚያ ገና ምሽት ነው። ደስ ብሎኝ «አባባን አቅርብልኝ! እዚህ ማን እንዳለ...» ስል አቋረጠኝ።

«ዙህራ፣ ዶክተሯ አባባን ምንድነው ያለቻቸው?»

ከሊንና ከዮሐና ራቅ አልኩ።

«ከአልጋ አልነሳም ብለዋል። ከሄድሽ ጀምሮ። ምግብም ይገፋሉ። 'የልቤ ቁርጡ ተነግሮኛል፣ አታድክሙኝ' አሉኝ። ደንግጬ ለክሊኒኩ ልደውል ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ ነው እኮ። በረራ ይችላሉ ይላል። ልባቸው ደህና ነው ይላል። የካልሲውን ዓይነት ሳይቀር ጽፋለች! የተሳሳተ ወረቀት ነው ወይስ...»

«አይደለም» አልኩት።

«ምን አይደለም?»

«አልተሳሳተም። እኔ ነኝ።»

በስልኩ ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ አነበብኩላቸው» አለ። «የምሥራች ብዬ። አልጋቸው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እየተረጎምኩ።»

«ምን አሉ?»

«ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።»

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሰጂዳ ናት ያነሳችው። «ሶላት ላይ ናቸው።» «ተኝተዋል።» ሦስተኛው ላይ ዋሽታ ማስመሰል ደከማት መሰለኝ፣ «አልፈለጉም እህቴ። አብሽሪ፣ አይዞሽ» አለችኝ።

ሌሎቹ ታላቁን ግንብ ሊያዩ ሄዱ። እኔ ሆቴል ቀረሁ። አሁን ገባኝ። ጫማው። ስልኩ። «አፉ በይኝ ልጄ»። ናፍቀዋቸው ነው ብዬ ጻፍኩ እኮ! ሊሞቱ እየተሰናበቱ ነበር። እኔ ነኝ ይሞታሉ ያልኳቸው። ገብቶኝ ነበር ይሆን? ገብቶኝ ነበር? ትንሽ... አዎ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ለዮሐና ነገርኳት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ልብሷን እያጠፈች ሰማችኝና፣

«ዊልቸሩን እኔም እገፋ ነበር እኮ» አለች። «ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ሻንጣዋን ዘጋች። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ከደለስ ኤርፖርት በቀጥታ ላንድማርክ።

መርዋን በሩን ከፍቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ አላቀፈኝም። አባባ ሳሎን ተቀምጠዋል። ከሰውነታቸው ቀንሰዋል። ከሶፋው ለመነሳት ሁለት እጃቸውን ተመረኮዙ፤ መርዋን ደገፋቸው።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ።

የሰሊጥ ዳቦውን ሰጠኋቸው፤ መስጂዱ አጠገብ ካለ ሱቅ የገዛሁት። ተቀብለው ለሰጂዳ አቀበሏት። «ለልጆቹ» አሉ።

ስለ ፔኪንግ ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። መስጂዱ አለ ወይ? ሰፈሩስ? ዕድሜ ልካቸውን ያወሩት ከተማ ነው፤ እኔ ከእሱ መምጣቴ ነው። ስለ በረራው እንኳ አልጠየቁም። ስለ አየሩ አወሩ። ቨርጂኒያ ስለ ዘነበው ዝናብ።

እራት በላን። «ወደ ቤት እንሂድ አባባ?» አልኳቸው።

«እዚህ ይሻለኛል» አሉ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26

ብቻችንን እንድንሆን መርዋንና ሰጂዳ ልጆቹን ይዘው ወጡ።

እግራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። «አፉ በሉኝ አባባ» አልኩ። «ደክሞኝ ነበር።»

«መድከምሽን የማላይ መስሎሽ ነው?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ከሥራ ስትመጪ ጫማሽን ሳታወልቂ ወንበር ላይ ስትተኚ አላይም? ደክሞኛል፣ ይህን አንድ ጉዞ ለብቻዬ ልሂድ ብትይኝ፣ አይሆንም እልሽ ነበር?»

«አይሉም ነበር።»

«ታዲያ?»

ምንጣፉን ቧጠጥኩ።

«ልብዎ አይችልም አልሽኝ። እኔ ደግሞ የሐኪም ቃል ነው ብዬ አመንኩ። ያለ ጊዜዬ ተሰናበትኩ፣ ዙህራ። ለሁሉም ደወልኩ። ጫማዬን ሰጠሁ። ማታ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳዬን ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነቃ 'ገና ነኝ?' እላለሁ። አንድ ወር። አንድ ቀንም ለመራመድ አልደፈርኩ፣ ልቤ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል ብዬ።»

እጃቸውን ልይዝ ብዬ ተውኩት።

«መንገድ ሥራው ላይ» አሉ ቆይተው፣ «ቻይናው ኃላፊ ገበሬውን ይሳደባል፤ ገበሬውም ቻይናውን ይሰድባል። አንዱንም ቀንሼ አላውቅም። ሁለቱም ይጠሉኝ ነበር። ግን ሁለቱም ያምኑኝ ነበር። የሰው ቃል አማና ነው፣ አደራ። አንቺ እንጀራ ብታጎድይብኝ፣ ብትቆጪኝ፣ ብትገፊኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር።»

ያኔ ስለ ሰውዬው ነገርኳቸው፤ መስጂዱ ደጅ ላይ ስላፈረው፣ ይቅርታ በይልኝ ስላለው። ያለውን በሙሉ፣ ስድቡንም ጭምር፣ አንድ ቃል ሳላጎድል። አዳመጡ። ጢማቸውን ያዙ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «እሱ ሱዳናዊው ጓደኛዬ ነው። ረጅም ነበር።»

ቀጥለው፣ «አፉ ብዬሻለሁ። አፉ ማለትን አላህ አዞናል። ማመን ግን... እሱ በትእዛዝ አይሆንም» አሉ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የአባባን ቀሪ ልብስ ላንድማርክ አደረስኩ። ክረምቱን እዚያ ናቸው።

መርዋን ኮሪደሩ ላይ እያራመዳቸው ነበር። ከሊፍቱ እስከ ደረጃው ደርሰው ግድግዳውን ያዙ። ሰውነት በአንድ ወር እንዲህ ይፈርሳል? ክሊኒክ ውስጥ ሽማግሌዎች ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አውቀዋለሁ እኮ።

ቤቴ ጸጥ ብሏል። ማንም አይጠራኝም። የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

የአባባ አፖይንትመንት። መርዋን ሥራ ስለነበረው እኔ አደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ሰማን።

ፍሮንት ዴስኩ ላይ ያለችው ልጅ አስተርጓሚ ያስፈልጋችኋል ወይ ስትል አባባ ቀደሙኝ። «የስ» አሉ። «አማሪክ። ፕሊዝ።»

ነርሷ ስትጠራቸው ልማድ ሆኖብኝ ተነሳሁ።

«አንቺ እዚህ ጠብቂኝ» አሉ።

በከዘራ ቀስ እያሉ ገቡ። በሩ ተዘጋ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ነርስ ስትወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ከስልኩ የሚወጣ የሴት አማርኛ ሰማሁ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የአባባ ሳቅ። ከሴፕቴምበር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ሲወጡ ወረቀት ይዘዋል። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። መርዋን ነው የሚያነበው።

ሊፍት ውስጥ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ሴትየዋ ጥሩ አማርኛ ትችላለች» አሉ። «ጎንደሬ ሳትሆን አትቀርም።»

«ዶክተሯ... ምን አለች?»

«ለሚያዝያ መሄድ እፈልጋለሁ አልኳት፣ ከመርዋን ጋር። አሁን አይሆንም አለች። ልቤ ደህና ነው። እግሬ ነው። ጡንቻው አልቋል አለች፣ ብዙ በመተኛት። ፊዚካል ቴራፒ ልሥራ፣ ከዚያ ታየኛለች። ቃል አልገባም ብላለች።»

አይሆንም። እኔ ያልኩትን ቃል ነው ዶክተሯ ያለችው። ያኔ ውሸት ነበር፤ ዛሬ እውነት ነው፤ እውነት ያደረግኩትም እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ ልል ብዬ ዋጥኩት። ስንቴ ይባላል?

መኪናው ጋ ስንደርስ ክንዴን ዘረጋሁ። አልያዙትም። በሩን ተደግፈው ራሳቸው ገቡ፣ ቀበቶውን ለማሰር ጊዜ ወሰደባቸው። ቆሜ ጠበቅኩ።

«ቴራፒው ማክሰኞና ሐሙስ ነው» አሉ፣ ወደ ፊት እያዩ። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። መርዋን አይመቸውም። አንቺ ታደርሺኛለሽ።»

«እሺ አባባ።»

«ውስጥ ግን አትገቢም።»

«እሺ።»

ቤት እንደገባሁ ለማናጀሬ ቴክስት አደረግኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ የከሰዓቱን ሺፍት እሠራለሁ።